ሰባቷ የት ደረሰች?

ባለፈው ሳምንት ከወረታ ወደ ሐሙሲት ስሄድ በመኪናው መስኮት የጭድ ሽታ ገባ። ታኅሣሥ ነው፤ የፎገራ ሜዳ እህሉን ይወቃል። ሽታው አባቴን ይዞብኝ መጣ፤ ያውም በትምህርት ቤታችን በር ላይ፣ ዱላውን ይዞ፣ ፀጉሩ ላይ ጭድ እንደተሰካ።

የመጣው እኔን ከትምህርት ሊያስወጣኝ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ለጥር ሊድረኝ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቷል። እኛ ደግሞ ስድስት ልጆች ግቢው ውስጥ ተሰልፈን፣ በከሰል ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ደረታችን ላይ ይዘናል። አንድ፣ አራት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት፤ መጨረሻ ላይ እኔ፣ ሰባት። መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት። አስተማሪያችን «ጉደኛ ቁጥር ነው» ብሎናል።

«አባቴ፣ ይችን ብቻ አይተው ይውሰዷት» አለው አስተማሪው።

ቁጥሩ በሦስት ሲባዛ አንድን የያዘው ልጅ ከፊት ተነሥቶ ጭራ ላይ ቆመ፤ ሌሎቻችን ንቅንቅ አላልንም። ያው የመጀመሪያው ቁጥር በሁለት ሲባዛ ደግሞ አራት ሄደች። በስድስት ሁለት፣ በአራት ስምንት። በአምስት ሲባዛ አምስትም ወደ ኋላ ዞረችና እኔ መሪ ሆንኩ!

አባቴ ሳቀ። «ይኸማ አውድማ ነው! የሚዞር በሬ መሪም ጭራም የለው፤ ሰው የት ቆሞ እንዳየው ነው እንጂ።» ዱላውን ወደ እኔ ቀስሮ፣ «ሰባቷን ባወጣትስ?» አለ።

አስተማሪው እንድወጣ ጠቀሰኝ። የቀሩትን አምስቱን በሦስት አባዛቸው። በውጤቱ አምስት ሁለት ጊዜ ተፈለገች፣ አንድ ጨርሶ ጠፋች፤ አንድን የያዘው ልጅ መቆሚያ አጥቶ ዓይኑ ተንከራተተ። አባቴ ያን ልጅ ብዙ አየው።

«እንግዲያስ ዘንድሮ ትቆይ።»

ቃሉን ማጠፍ ምን እንዳስከፈለው የገባኝ እኔም ከወለድኩ በኋላ ነው። ዘንድሮ ከርሞን ወለደ፤ ከርሞም ሌላ ከርሞን፤ በመጨረሻ አስተማሪ ሆንኩ።

ፊደል አያውቅም፤ ያን ቁጥር ግን እንደ ከብቶቹ ስም ያዘው። ከትምህርት ስመለስ «ዛሬ በስንት ተባዛ? ሰባቷ የት ደረሰች?» ይለኛል። «በሁለት፣ አባዬ፤ አራተኛ ናት» እለዋለሁ፤ ደስ ይለዋል። ያን ዕለት እሱ ከሄደ በኋላ አስተማሪያችን በሰባትም አባዝቶት ነበር። ስድስታችንም ጠፋን። ዘጠኝ ብቻ፣ ስድስት ጊዜ። ይህን ለአባቴ ነግሬው አላውቅም።

ታሞ በተኛበት በመጨረሻው ታኅሣሥ እጄን ያዘኝ። «በሰባትስ? በሰባት ጠይቄሽ አላውቅም።»

«ያው ትዞራለች፣ አባዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ» አለ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያን ቁጥር በየዓመቱ አስተማርኩ። በስድስት አባዝቼ አቆም ነበር። «በሰባትስ?» የሚል ልጅ አይጠፋም ነበር። «እቤትህ ሥራው» እለው ነበር፤ መልሱ በእኔ አፍ አይወጣም።