ከቡታጅራ ወዲያ ያለው መንገድ

ሙኒያ መርዶውን የሰማችው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ኑሪ ሁለት ሽማግሎች አስከትሎ ሸጎሌ ያለው ቤቷ በር ላይ ቆመ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለደግ ነገር አይመጣምና ገና ሳይነግሯት ገባት።

«ፈድሉ በሞተሩ ተገልብጦ...» አለ ኑሪ፤ መጨረስ አቃተው።

ከሽማግሎቹ አንዱ ጨረሰለት። «አላህ ወስዶታል ልጄ። እዚያው ዲላ ቀብረውታል።»

እሪ ብላ ትወድቃለች ብለው ሊይዟት ተጠጉ። እሷ ግን ቆማ ጠየቀች።

«ዲላ? ዲላ ምን ሊሠራ?»

ፈድሉ ለአረፋ በዓል የሄደው ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ቡታጅራ ነበር። ከቀበሌ ያወጣው የይለፍ ወረቀትም የሚለው ቡታጅራ ነው። ዲላ የሚባል ስም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

አዲሱ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይውላል፤ ምሳውን ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ይበላል። ንጉሡ በወረዱ ማግስት አንድ ጣሊያን የመንገድ ሥራ ኃላፊ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሙኒያ አልጋ ግዛ ብላ ላከችው። እሱ ጉዚ የሚባል ግራጫ የጣሊያን ሞተር ብስክሌት እየነዳ መጣ። በሬ የሚያህል፣ ከወደቀ ለሁለት የሚያነሡት፣ ግራና ቀኙ የብረት ሣጥን የተገጠመለት።

«ወይ ጉድ! አልጋ አምጣ ብል የምትጋልበው አመጣህልኝ?»

«አልጋ የትም አይወስድም» አላት።

መንደሩ ዱቅዱቅ አለው። ፈድሉ ይከፋው ነበር፤ «ዱቅዱቅ የፖስተኛ ናት፤ ይሄ ሞተር ነው» ይላል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቶለሳ ደግሞ ስሙ ሳይሆን መጠኑ ነው ያሳሰበው። አንድ ቀን በሰው ፊት አስቆመው።

«ቤትህ ሸጎሌ፣ ሱቅህ አዲሱ ገበያ። በእግር የሚያልቅ መንገድ ነው። ይህን የሚያህል ማሽን ወዴት ሊወስድህ ነው?»

«ለአረፋ አገሬ ያደርሰኛል፣ ጓድ።»

እውነትም ዓመቱን ሙሉ ሱቅ የሚመላለሰው በእግሩ ነበር። በራሽን የሚያገኘውን ቤንዚን ጠብታ ሳያጎድል በጀሪካን ያጠራቅማል፤ አረፋ ሲደርስ ይነሣል። ሳምንት ቆይቶ ፊቱ በፀሐይና በነፋስ ተቃጥሎ ይመለሳል። ያን ሰሞን ይጫወታል፣ ይስቃል፣ ሌላ ሰው ይሆናል። «አጎቴ ሳቢት አልለቅህም አለኝ» ይላል። ከሣጥኑ የቡታጅራ ቅቤና በርበሬ ያወጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ አናናስ።

ቡታጅራ አናናስ የለም። በመጀመሪያው ዓመት ብትጠይቀው «ከመንገድ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አናናሱን በላች፤ ጥያቄዋንም አብራ ዋጠች።

ለቅሶው ቤት አጎቱ ጋሽ ሳቢት ከቡታጅራ መጡ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ምነው በዚህ ዓመት እንኳ ባይቸኩልብኝ!» አሉ። «ሁልጊዜ በበዓሉ ማግስት ነው የሚነሣው። ሱቁን ሙኒያ ብቻዋን ይዛለች ይለኛል። ሁለተኛ ሌሊት አድሮልኝ አያውቅም።»

ፈድሉ ግን በየዓመቱ ሳምንት ነበር የሚቆየው። ኑሪ አንገቱን ደፋ። ጎረቤቷ ዓሊማ አጠገቧ ላለችው ሴት ያንሾካሾከችው ሁሉም ሰማው፤ «ዲላ ሌላ ቤት ነበረው በይኛ!»

ጓድ ቶለሳም ሊያስተዛዝን መጥቶ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ጓዲት ሙኒያ፣ ከዲላ ቀጥሎ ሞያሌ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከሞያሌ ቀጥሎ ኬንያ ነው።»

«እኔ የማውቀው ሱቄን ነው።»

«እናያለን» ብሎ ዝርግ ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ሄደ።

ሙኒያ ሁለቱን ወሬ አመዛዘነች። እንደ ዓሊማ ከሆነ ባሏ ወደ ሌላ ሴት ሄደ፤ እንደ ቶለሳ ከሆነ ወደ ሌላ አገር። በሁለቱም እሷን ትቶ ነው። ከሞቱ እኩል የሚያንገበግባት ይህ ሆነ፤ ሊመለስ ነበር ወይስ አልነበረም?

ለቅሶው ሲበተን ኑሪ ዲላ ደርሶ መጣ። ፖሊሶቹ ሞተሩን ሚስቱ ራሷ ካልመጣች አንሰጥም ብለውታል፤ የሣጥኑን ዕቃ ግን ሰጥተውታል። ፊቷ አስቀመጠው። የጋሽ ሳቢት ቅቤ። በርበሬ። አንድ ጎኑ የፈረጠ አናናስ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው።

«የት ነው የወደቀው?»

«ከዲላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐዋሳ በሚመጣው መንገድ። ፊቱን ወደዚህ አዙሮ ነበር።»

ኑሪ ይህንኑ ለቶለሳ ነገረው። «ሊኮበልል የተነሣ ሰው አናናስ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ይዞራል እንዴ፣ ጓድ?» ቶለሳ ጥቂት አሰበና «ማስመሰያም ሊሆን ይችላል» አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን የኬንያን ነገር አላነሣም።

ሙኒያን ግን ይህ አላሳረፋትም። ሰው ከሌላ ሴት ቤትም ይመለሳል። ተነሥታ የፈድሉን ጎማ ሲጠግን ወደኖረው ጎሚስታ፣ ወደ ለሜሳ ሄደች።

«አትደብቀኝ። ሴት ነበረችው?»

ለሜሳ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እትዬ ሙኒያ፣ እኔም እንዲህ ብዬ ቀልጄበታለሁ። ሳቀብኝ። ‹ትንሽ ሞተር ያንገጫግጭሃል፤ ቶሎ ውረድ ውረድ ይልሃል። ይሄ ግን ክብደቱ ራሱ ያሳርፍሃል። ነፋስ አይገፋው፣ ዳገት አያስጨንቀው። ዝዋይ ስደርስ ልመለስ እላለሁ፤ ሻሸመኔም ስደርስ እንደዚያው። እሱ ግን ገና አልደከመውም› ይለኝ ነበር።»

«ኬላውስ? ይለፉ ቡታጅራ ነው የሚለው።»

«ያንን የሚያህል ሞተር ሲያዩ የመንግሥት ሰው መስሏቸው ገመዱን ያወርዱለታላ! እሱም እጁን አንሥቶ ያልፋል።»

«እሺ፣ ለምን ዲላ? ለምን ሌላ ቦታ አልሆነም?»

«ቤንዚኑ እዚያ ሲደርስ ነዋ የሚጋመሰው። ሲጋመስ ይዞራል። የቀረው መመለሻው ነው።»

«የኋላው ወንበርስ?» አለች ሙኒያ።

«ጀሪካኑን ነው የሚያስርበት።»

ወደ ቤቷ በእግሯ ወጣች። አመነችው ማለት ይከብዳል። ሰው ለመሄድ ብሎ ብቻ ይሄዳል ሲሏት በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ግን የተጋመሰውን ቤንዚን ልቧ ያዘው፤ መመለሻውን ቆጥቦ የሚዞር ሰው የሚመለስበት አለው። እንግዲያ ለምን አልነገረኝም? ለምን አንድ ቀን ጀሪካኑን አውርዶ ነይ አላለኝም? ይህን ደግሞ ለሜሳም አያውቅም።

ዲላ ለመሄድ ከጓድ ቶለሳ ይለፍ ማውጣት አለባት፤ እሱም ለምን ትሄጃለሽ ይላታል። ለሞተሩ ነው ልትል ትችላለች። መቃብሩን ለማየት ነው ልትል ትችላለች። መንገዱን ለማየት ነው ብትል የሚያምናት የለም።

ሞተሩ እስካሁን ዲላ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ቆሟል። ሙኒያ ይለፉን ገና አልጠየቀችም።