ከበሩ የመጣው ጥሪ

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት አልጋውን አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ የተገጠመውን መነጋገሪያ፣ ኢንተርኮሙን ነው። የሙያ ነገር ሆኖ። ቤርሼቫ አካባቢ፣ በለሃቪም ቪላዎችና ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር ፎቆች መግቢያ ላይ ኢንተርኮም እየገጠምኩ ነው የምኖረው። ይኼኛው አንድ ድምጽ ማጉያ፣ አንድ ቁልፍና አንድ መብራት ብቻ ነበረው። ቁልፉን ብጫነው ተበላሽቷል፤ ማንም አልመለሰም።

የተያዝኩት ሐሙስ ከሰዓት፣ ቤርሼቫ መግቢያ ላይ በተደረገው ሰልፍ ነው። አንድ የኛ የቤተ እስራኤል ልጅ በፖሊስ ተደብድቦ ነበርና መንገዱ ላይ ተቀምጠን ይበቃል አልን። ፖሊሶች እጄን ጠምዝዘው ሲያነሡኝ ማንንም አልገፋሁም።

ዓርብ ጠዋት የጠራኝ መርማሪ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሻይ አስመጣልኝ።

"ፖሊስ ገፍቻለሁ፣ ተጸጽቻለሁ ብለህ ፈርም፤ ሻባት ሳይገባ ቤትህ ነህ። አልፈርምም ካልክ እስከ እሑድ እዚሁ ትቆይና ዳኛ ፊት ትቀርባለህ" አለኝ። ሻባት፣ ሰንበታችን፣ ዓርብ ማታ ነው የሚገባው፤ እስከ ቀትር እንዳስብበት ጊዜ ሰጠኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ልፈርም ወስኜ ነበር። ፈርቻለሁ፣ ቤቴም ናፍቆኛል።

ወደ ክፍሌ ሲመልሱኝ አንድ ቴክኒሻን ኮሪደሩ ላይ መሰላል ወጥቶ የኢንተርኮሙን ማዕከላዊ ሳጥን በአዲስ ይተካ ነበር። እንዲህ ያለ ሳጥን ላይ ሽቦ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ፖርት እንላቸዋለን። መሣሪያው የሚጠራበት ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው፤ በዕብራይስጥ ሽሉኻ ይሉታል። ፖርት ቦታ ነው፣ ሽሉኻ ስም። የትኛው ቦታ በየትኛው ስም እንደሚጠራ የሚወስነው ሳጥኑ ላይ የሚጫነው ዝርዝር ነው። ታዲያ አሮጌው ሳጥን ቀዳዳዎቹን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፣ አዲሱ ከዜሮ። ሰውየው ይህን ልብ አላለም። የተረኛውን ፖሊስ ጠረጴዛ ሽቦ የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ፣ ማለትም ዜሮ ላይ ሰካው። ቀጥሎ ያለውን የእኔን ክፍል ሽቦ አንድ ላይ ሰካ። የጫነው ዝርዝር ግን የድሮው ስለሆነ አንድ ላይ ያለው ተረኛው ነው ይላል። ከውጭ በር ተረኛውን የሚጠራ ሁሉ እኔን ሊያገኝ ነው። ልናገር አሰብኩና ተውኩት፤ ካቴና ያጠለቀን ሰው ማን ሙያ ይጠይቀዋል?

ቀትር ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የግድግዳው መብራት በራ፤ መሣሪያው ጮኸና መስመሩ ተከፈተ።

"ሻሎም አዶኒ" አለ የሴት ድምጽ። "አኒ ኢማ። ኢማ ሼሎ።"

ሰላም ጌታዬ፣ እናቱ ነኝ ማለቷ ነው። እናቴ ነበረች፣ በዚያ በምትሰባብረው ዕብራይስጥ።

"እማማ!" አልኩ።

ቤትም እማማ ነው የምላት። ግን እሷን እማማ የማይላት ማን አለ? የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይላታል። ድምጼንም ያ ርካሽ ድምጽ ማጉያ የቆርቆሮ አድርጎታል።

"እሰይ የኔ ጌታ! ከኛው ልጆች ነህ ለካ!" አለች። "ፖሊስ ሆነህ ነው? ተመስገን። የማን ልጅ ነህ?"

ልጅሽ ነኝ ብላት ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ደግሞ እፈርማለሁ። አጠገቧ ዘብ ቆሞ ከሆነም መስመሩ ይቆረጣል።

"የርስዎ ልጅ ነኝ፣ እማማ።"

እናቴን እርስዎ ብያት አላውቅም። እሷም የጨዋ አነጋገር ነው ብላ ወሰደችው።

"ተባረክ፣ አሳዳጊህም ይባረክ። ልጄ በልቷል?"

"በልቷል" ብዬ ዋሸኋት።

"አልመቱትም?"

"አልመቱትም።" ይኼኛው እውነት ነበር።

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ስማኝ የኔ ልጅ። ከፈረመ ይወጣል አሉኝ። እኔ እዚህ አገር የገባሁ ለት ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ስወጣ ስሜ ሌላ ሆኗል። እናቴ ያወጣችልኝ ስም እዚያው ቀረ። ይኼን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ያሳፍረኛል። ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ እንዳይፈርም ንገርልኝ። ሻባትን ብቻዬን ውዬ አላውቅም፣ ግን እችለዋለሁ በለው። አደራ።"

"እነግረዋለሁ፣ እማማ።"

መብራቱ ጠፋ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

መርማሪው ብዕሩን ሲሰጠኝ መልሼ ሰጠሁት።

"አልገፋሁም፤ አልፈርምም።"

"ሻባትን እዚህ?"

"እዚሁ።" ከዚያም "የበሩ ጥሪ ወደ እኔ ክፍል ነው የሚመጣው" አልኩት። "ሽቦዎቹን ሁሉ አንድ አንድ ቀዳዳ ወደፊት አሻግሯቸው።"

"አንተን ምን ቸገረህ?"

"ውጭ የቆሙ ሌሎች እናቶች አሉ። የሚመልስላቸው የለም።"

እናቴ ተመልሳ ልትጠራ ትችል ነበር። ከሰዓት ቴክኒሻኑ መጥቶ አስተካከለው፤ የእኔ ክፍል መብራትም ዳግም አልበራም።

እሑድ ዳኛዋ ለቀቀችኝ፤ ክሱም ከወራት በኋላ ተዘጋ።

እናቴ እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ ሻማ ስታበራ ያንን ፖሊስ ትመርቃለች፤ እኔም አሜን እላለሁ። እኔ ነበርኩ ብላት ከልጆቿ የደበቀችውን መስማቴን ማወቋ ነው፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። በቅርቡ ግን ድንገት ጠየቀችኝ።

"ያ ልጅ መልእክቴን አድርሶልህ ነበር?"

"አድርሶልኛል።"

"ሁሉንም?" አለች፣ ዓይኗን ከፊቴ ሸሸት አድርጋ።

"አትፈርም ያልሽውን ብቻ" አልኳት።

በረጅሙ ተነፈሰች። "ጨዋ ልጅ ነው" አለች።