የኋላ ወንበሯ ጎረቤት

ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ጀነሬተሩን ሲያስነሳና የቤንዚኑ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ዛሬም እጄ እርሳስ ፍለጋ ይሄዳል። የሒሳብ አስተማሪዬ የኡስታዝ ሳሊም ጀነሬተርም እንዲሁ ነበር የሚያጓራው፤ እሱ ሲነሳ ማራገቢያው ይዞርና እኛም ሒሳባችንን እንጀምር ነበር።

አገር ቤት ክረምት የሚባለው ጊዜ እኛ ኤደን፣ ክሬተር ሰፈር፣ እሳት ነው። ጓደኞቼ ባሕር ሲወርዱ፣ እኔ ዘጠነኛን ጨርሼ የአሥረኛን ሒሳብ በእረፍቱ ልወስድ ተመዘገብኩ፤ ኮርሱን ካለፍኩ፣ ትምህርት ሲከፈት ሒሳብን ከአሥራ አንደኛዎቹ ጋር እንድማር ትምህርት ቤቱ ፈቅዶልኝ ነበር። ከዚህ በላይ የምመኘው አልነበረኝም። አባቴ ግን አስተማሪው ወንድ መሆኑን ሲሰማ «እናትሽ አብራሽ ካልተቀመጠች ወላሂ አትሄጂም» አለ፤ ከማለ ደግሞ አለቀ።

እናቴ ደሴ ያደገች፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። ኒቃቧን ለብሳ፣ የሚሰፋ ልብሷን ይዛ፣ ጠዋት ጠዋት ከኋላ ወንበር ትቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ዝም ብላ ትሰፋለች፤ በሁለተኛው ሳምንት መርፌዋን አስቀምጣ ሰሌዳውን ማየት ጀመረች፤ በሦስተኛው፣ ጉድ እኮ ነው፣ እጇን አወጣች! «ያ ኡስታዝ፣ ይቺ ቁጥር ወዲያ ስትሻገር ምልክቷ ለምን ይቀየራል?» ብላ በተሰባበረ ዐረብኛ ስትጠይቅ፣ ልጆቹ «ሐበሺያ!» እየተባባሉ ሳቁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጠገቤ የነበረችው ልጅ ዞር ብላ «ማናት እሷ?» አለችኝ።

«ጎረቤታችን ናት» አልኳት። ፊቷ ተሸፍኗል፣ ማን ያውቃል? የእኔ ዐረብኛ ደግሞ እንደ አባቴ የኤደን ልጅ ዐረብኛ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ጋ ስንደርስ ፈጠን ብዬ ብቻዬን እገባ ነበር። ቤት ስንመለስ ግን፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች ያልገባኝን ሁሉ የምታስረዳኝ እሷው ነበረች፤ እኔም አላፍርም፣ እጠይቃታለሁ።

ሙቀቱ በረድ ሲል ፈተናው ደረሰ፣ አለፍኩም። ኡስታዝ ሳሊም አባቴ ወደብ ሥራ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ «ወላጅ ይፈርምበት፤ ያልተፈረመ ወረቀት ትምህርት ቤቱ አይቀበልም» ብሎ እስክሪብቶውን ለእናቴ ዘረጋላት። እናቴ አልተቀበለችውም።

«እኔ እንኳ ጎረቤት ነኝ» አለች በዚያው ዐረብኛዋ፣ «እናቷ ትፈርም።»

ለካ ሰምታኛለች! ያን ሁሉ ሳምንት ሰምታ እንዳልሰማች ሆና አስተምራኛለች። ኡስታዙ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ተመለከተ። ተነስቼ «እናቴ ናት» አልኩ በለሆሳስ።

«ምን አልሽ?» አለኝ ኡስታዙ።

«እናቴ ናት! ያስጠናችኝም እሷ ናት» አልኩ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁም ግድ አልነበረኝም። እናቴ እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን በአማርኛ ፊደል ጻፈችና «አልሐምዱሊላህ። በይ ነይ፣ ሚኒባሱ ሳያመልጠን» አለችኝ። ነፋሱ ቀዝቅዞ ትምህርት ሲከፈት ከአሥራ አንደኛዎቹ ጋር ገባሁ፤ እሷም ነገሩን ዳግም አንስታብኝ አታውቅም።

ዘንድሮ በዚሁ ሙቀት፣ ልጄ የአሥረኛን ሒሳብ ቀድማ የምትማረው በስልክ ነው። አባቷ ማንም አብሯት እንዲቀመጥ አላዘዘም፤ እኔው ነኝ ወንበር ስቤ ከጎኗ የምቀመጠው። መጽሐፉ እኛ ከተማርነው ስለተለየ፣ አንዳንዴ አላስችል ይለኝና እጠይቃለሁ። ባለፈው አስተማሪዋ ከስልኩ ውስጥ «ማናት የምትጠይቀው?» አለቻት። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግኩ።

ልጄ ከደብተሯ ቀና እንኳ ሳትል «እናቴ ናት» አለችና መጻፏን ቀጠለች።