ቢጫው ማማ የማይታይበት መዞሪያ

ተፈቀደ። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት መጣ፤ ሁለቱም የመብራት ምሰሶዎች ይተከላሉ፣ አንዱ ባሕሩ ዳር፣ ሌላው ከኋላው ባለው ኮረብታ ላይ። ደስታው የወደቡ ሁሉ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የቶርኒ መሆን ነበረበት። ቶርኒ ደብዳቤው ሲነበብ እስከ ጆሮው ቀልቶ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ቶርኒ ጎተንበርግ ወደብ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት መርከብ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። መርከቡ ደሴቶቹ ጋ ሲደርስ በጀልባ ይሄዳል፣ በገመድ መሰላል ይወጣል፣ ካፒቴኑ አጠገብ ቆሞ መንገዱን ይመራል። ጀማሪዎችን ሲያሠለጥን ምላሱ አይጣል ነው። አንዱ እንደ ድሮ ዓሣ አጥማጅ በመስኮት አሻግሮ የዳር ምልክት ሲፈልግ ካየው፣ "አያትህ ነው እንዴ ዓሣ እንድታጠምድ የላከህ? መሣሪያውን እይ" ይለዋል።

አራት መቶ ሜትር የሚረዝሙ የኮንቴይነር መርከቦች እንዲገቡ ወደቡ ሊቆፈርና ሊሰፋ ሲወሰን፣ መርከብ አስገቢዎቹ ሁሉ አስቀድመው እንዲፈተኑ ተባለ። የመፈተኛው ክፍል ዙሪያውን ስክሪን ነው፤ ማሽኑ ወደቡ ነገ የሚኖረውን መልክ ያሳያል። ያለፈ ግዙፎቹን ያስገባል፤ የወደቀ ከትንንሾቹ ጋር ይቀራል። ቶርኒ አንጋፋው ስለሆነ መጀመሪያ ገባ።

ስክሪኑ ላይ ባለው መርከብ የወደቡን ግንብ ገጨ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ገጨ።

እነሱ ቤት የገጨ ሰው ኬክ ይገዛል። ባልደረባው ስታፋን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ "ባለ እንጆሪውን እንዳታመጣ፣ አረንጓዴውን ነው የምወደው" አለው። ሰው ሳቀ። ቶርኒ ግን ማሽኑ ተበላሽቷል፣ መርከቡን ወደ ቀኝ ይጎትታል ብሎ ወጣ።

ማሽኑን ያሰናዳችው ቱቫ የምትባል ባለሙያ ናት። የሃያ ሰባት ዓመት ልምድ ያለው ሰው እንዲህ ካለ እሷ ምን ትበል? የሌሎቹ ፈተና ቆመ፤ እሷም አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ነፋሱን፣ ሞገዱን፣ ቁጥሩን ስትፈትሽ ሰነበተች። ቶርኒ በመስታወቱ በኩል ባለፈ ቁጥር አቀርቅራ ያያታል። በኋላ በዚያ ማለፉን ተወው፤ በውጭ፣ በዝናብ ይዞር ጀመር።

የገጨበትን ምክንያት ያውቀው ነበራ። መዞሪያው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ኮረብታው ላይ ያለውን ቢጫ የውሃ ማማ ነው የፈለገው። ማማው ከአሮጌዎቹ ክሬኖች አናት በላይ ብቅ ሲል ያዞራል፤ ዕድሜ ልኩን እንዲያ ነው ያዞረው። ስክሪኑ ላይ የቆሙት ግን አዲሶቹ ረጃጅም ክሬኖች ናቸው፤ ማማውን ጋርደውታል። በጀማሪዎቹ ላይ ሲያሾፍበት የኖረውን ነገር ለካ ራሱ ሲያደርገው ኖሯል።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቱቫ ጋ ገባ።

"ማሽንሽ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አላት። ስለ ማማው የነገራት ጫማውን እያየ ነው።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"የመጀመሪያው ቀን።"

"የልጄን ልደት እዚህ ነው የዋልኩት፣ ቶርኒ።"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ቆይታ፣ ማማውን የሚያየው እሱ ብቻ እንደሆነ ጠየቀችው። አያውቅም። ዞራ ስትጠይቅ ከዘጠኙ አስገቢዎች ስድስቱ፣ ስታፋን ጭምር፣ ያንኑ ማማ በድብቅ ሲያዩ የኖሩ ሆነው ተገኙ። አፍረው አንዱ ለሌላው ትንፍሽ አላለም። ሥራው ሳይጀመር ይህ ባይታወቅ ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር አስቡት። ቱቫ በማማው ፋንታ ሁለት መብራት ይተከል ብላ ጻፈች፤ ከመርከቡ ሲታዩ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ የማዞሪያው ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። መብራቶቹን ስክሪኑ ላይ አስገብታ ፈተነችው፤ ቶርኒ ባለፈው ወር አለፈ።

ዛሬ ታዲያ የማማውን ነገር ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው ብሎ ሁሉም ሊጨብጠው ተሰለፈ። ቶርኒ እጁን ኪሱ ከተተ።

"ማሽኑ እንዳልተበላሸ እያወቅኩ ነው የዋሸሁት" አለ፣ ሁሉም እየሰማ። "አሥራ ሁለት ቀኗን የበላሁባት እኔ ነኝ። እሷን ጨብጧት።"

ስታፋን ቀድሞ ወደ ቱቫ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቶርኒ መጨረሻ ላይ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ቱቫ ትንሽ አስጠበቀችው፤ ከዚያ ጨበጠችው።

እኔ እዚህ ላይ ላብቃ። አስገቢዎቹን ወደ መርከብ የምታደርሰው ጀልባ ነጂ ጉንቮር ይህን ገና አልሰማችም፤ ሞተር ሳታስነሳ ሮጬ ልድረስባት።