የወይራ አፋፍ ግዝት

ትናንት ጠዋት፣ የታኅሣሥ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ እርጥብ ሣር ከአፍ እስከ ገደፉ የጫነ ባጃጅ በፊቴ አለፈ። ጎማው ከጉድጓድ ገብቶ ሲወዛወዝ ጥቂት ሣር ከእግሬ ሥር ጣለና፣ ሾፌሩ ገመዱን ሊያጠብቅ ከወዲያኛው ሱቅ ፊት ቆመ። እኔም የወደቀውን አንሥቼ አሸተትሁት። የታጨደ ሣር ሽታ ለእኔ ምንጊዜም የአንድ ቀን ሽታ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የወይራ አፋፍ ግዝት የተፈታበት ቀን። ያን ቀን በዓይኔ አየሁት እያልሁ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። አሁን ግን «አየሁ» የሚለውን ቃል ከመጻፌ በፊት ብዕሬን አስቀምጬ ማሰብ ይገባኛል፤ ተማሪዎቼን ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለይታችሁ ጻፉ እያልሁ ያረጀሁ ሰው ነኝና።

ወይራ አፋፍ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ፣ ከተወለድሁበት መንደር ራስጌ የሚገኝ ተዳፋት ነው። በልጅነቴ ወይራው፣ ዋንዛውና ብሳናው ተቃቅፈው የሚበቅሉበት፣ ከግርጌው ቀዝቃዛ ምንጭ የሚፈልቅበት ስፍራ ነበር። ቦታው በግዝት የተጠበቀ ነው፤ አንድ አሮጌ ቄስ መስቀላቸውን አንሥተው ዛፉን የቆረጠ፣ ከብት ያስገባ፣ ሣሩን ያጨደ የተለየ ይሁን ብለው ከልክለዋል። እኛ ልጆች ዶቅማ ሲበስል ከወሰኑ ወዲህ የወደቀውን ብቻ እየለቀምን ምላሳችን ወይን ጠጅ እስኪመስል እንበላ ነበር። ከወሰኑ ወዲያ የወደቀው ግን፣ እጃችን ቢደርስበት እንኳ፣ የወፍ ነበር። ከመካከላችን ደፋር ነኝ የሚለው በወሰኑ ድንጋይ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ወደ ውስጥ ምራቁን ይተፋና ተመልሶ ይሮጣል። ጀግንነታችን ከዚያ አያልፍም።

ከዚያ ያ ቀን ይመጣል። ግዝቱን የጣሉት ቄስ አርፈዋል። ዘመኑ የከብት መኖ ያጠረበት ነው። በትዝታዬ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰብስቦ ይታየኛል። አዲሱ ቄስ ከሟቹ መቃብር ላይ ቆመው «አባታችን፣ ይፍቱን» ይላሉ፤ ሕዝቡም ይህንኑ እየደገመ ይሰግዳል። ቀጥሎም ቄሱ ማጭድ ይዘው ወደ አፋፉ ይወጡና የመጀመሪያዋን እፍኝ በገዛ እጃቸው አጭደው ከደጀ ሰላሙ ያኖሯታል። ከዚያ በኋላ የማጭድ ድምፅና ያ ሽታ ብቻ ነው። ሥዕሉ ይህን ያህል ጥርት ያለ ነው። ጥራቱ ራሱ ኋላ ላይ ያጠራጥረኝ ጀመር።

ለትምህርት ከመንደሬ ወጥቼ፣ የአፈርና የውሃ ጥበቃን ትምህርት እስከ መጨረሻው ተምሬ፣ ሳስተምርም ኖሬ የተመለስሁት ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በየቀበሌው በሚካሄድበት ጊዜ ነው። እኔ በሌለሁበት ዛፉ ተመንጥሮ፣ አፋፉ ራሰ በራ ሆኖ ጠበቀኝ። ጎርፉ ሆዱን ሸንትሮታል፤ ምንጩ ጠፍቷል። በየዓመቱ በበጋ ሰዉ አካፋና ዶማውን ይዞ እርከን ሲሠራ፣ ቦረቦሩን በድንጋይ ሲከትር፣ እኔም ውሃ ልኩን እያሳየሁ አብሬ ውዬአለሁ። በመጨረሻ የወይራ ችግኝ ተተክሎ ተዳፋቱ ከንክኪ ነጻ ይሁን ተባለ። ዘበኛ ይቀጠር የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሽማግሌዎቹ አልተቀበሉትም። ዘበኛ ይተኛል፣ ግዝት አይተኛም አሉ። ስለዚህ የደብሩ አባት ቄስ አላምረው መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ፤ ከቃላቸውም አንዱ «ሣሯን የነካ» የሚል ነበር። ችግኙ ሥር እስኪሰድ ነው፣ ከዚያ በኋላ እየታጨደ ለከብት እንዲሆን እፈታዋለሁ ብለው ነበር። ሳይፈቱት በክረምት አረፉ።

በዚያው ዓመት በረዶ ጤፉን አጋደመው፤ ገለባም እንደ ጤፉ ጠፋ። ታኅሣሥ ሲገባ መስኩ ሁሉ አመድ መሰለ። ወይራ አፋፍ ብቻ፣ እርከኑ ባቆየው ርጥበት፣ እስከ ደረት የሚደርስ ሣር ይዞ ይወዛወዝ ነበር። እጁን የሚዘረጋ ሰው ግን አልተገኘም። ያሰረው አፍ ካልፈታው ማን ይፈታዋል?

ነገሩ ከሁሉ በላይ የነካው ታላቅ እኅቴን እትየ ጥሩን ነው። ባሏ ሞቷል፤ ያላት በሬ ቦራ የሚባል አንድ ብቻ ነበር። እሱን ከጎረቤቷ ከፈንቴ በሬ ጋር በመቀናጆ እየጠመዱ፣ ተራ በተራ ያርሱ ነበር። ቦራ ከወደቀ መቀናጆው ይፈርሳል፤ መሬቷንም ለሌላ አራሽ ሰጥታ ከገዛ አውድማዋ የሌላ ሰው ድርሻ ስትለካ ልትኖር ነው። በየጠዋቱ ሄጄ ሳያት ቦራ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። እሷ ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ቆማ ያን ሣር ትመለከታለች እንጂ አንዲት ቃል አታማርርም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከደብሩ ዋንዛ ሥር ስብሰባ ሆነ። የግብርና ባለሙያዋ፣ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች፣ እንደገና ለማስረዳት ሞከረች። ከብቱ እንዳይገባ እንጂ ሣሩ ታጭዶ ቢወጣ ለችግኙም መልካም ነው አለች።

«ልጄ፣» አላት ፈንቴ፣ «አንቺ ነገ ተዛውረሽ አዴት ትሄጃለሽ። ግዝቱ ግን አይዛወርም።»

«በሬህ ሲሞትስ?»

«በሬዬ ቢሞት ሌላ በሬ እለምናለሁ። ተወግዤ ብሞት ግን በሬውም የለ፣ ሣሩም የለ።»

ሰው ሳቀ። ሳቁም ወዲያው ሞተ።

ቄስ አላምረውን የተኩት ቄስ ሞላ፣ ገና ወደ ደብሩ ከመጡ ብዙ ያልቆዩ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩ። «ሌላ አባት ያሰረውን በራሴ ሐሳብ አልፈታም፤» አሉ። «በዚህ ደብር ቀድሞ እንዲህ ሲደረግ ያየ ካለ ይንገረኝ። የአባቶችን ፈለግ እከተላለሁ። ያየ ከሌለ ግን ወደ ሀገረ ስብከት ልጠይቅ፤ መልሱ እስኪመጣ ታገሡ።»

መልሱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ፈንቴ ወደ እኔ ዞረ። «አያ፣ እርከን ስንሠራ ያጫወቱን ነገር አልነበረም? ልጅ ሳሉ ግዝት ሲፈታ አየሁ ብለውን ነበር እኮ።»

ዓይን ሁሉ ተሰበሰበብኝ። ተነሥቼ፣ እንደ ልማዴ፣ ከመግቢያ ጀመርሁ። የልጅነት አእምሮ ያየውንና የሰማውን እንደሚቀላቅል፣ ዘመን ሲርቅም ቅልቅሉ እንደሚጠነክር፣ ስለዚህ የምናገረው ሁሉ «እንደማስታውሰው ከሆነ» ተብሎ መወሰድ እንዳለበት አስረዳሁ።

«አያ፣» አለ ፈንቴ በትሕትና፣ «መግቢያውን ሳይጨርሱ ቦራ ይሞታል። አዩ ወይስ አላዩም?»

ወደ እትየ ጥሩ ተመለከትሁ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ መሬት መሬት ታያለች። የማጭዱን ድምፅ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ያ ሽታም መጣልኝ። «አይቻለሁ» አልሁ። የመቃብሩን ነገር፣ የእፍኟን ሣር፣ የደጀ ሰላሙን፣ ሁሉንም እንደሚታየኝ ነገርኋቸው።

በማግስቱ ቄስ ሞላ እንደተናገርሁት አደረጉ። ከቄስ አላምረው መቃብር ላይ «አባታችን፣ ይፍቱን» ሲሉ፣ ከኋላቸው የቆመው ሕዝብ ድምፅ በልጅነቴ ከሰማሁት ጋር ፍጹም አንድ ሆነብኝ። ወይም የልጅነቱን ድምፅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚህኛው ተካሁት። ቄሱ የመጀመሪያዋን እፍኝ አጭደው ከደጀ ሰላሙ አኖሩ። ከዚያም ማጭዱ ሁሉ ወረደ።

ሸክማችንን ይዘን ወደ ቤቷ ስንወርድ፣ እትየ ጥሩ ከፊቴ ሆና ሳትዞር ተናገረች። «ወንድምዓለም፣ መኖ ባጠረበት በዚያ በልጅነትህ ታኅሣሥ አንተ ከቤት አልወጣህም።»

«እንዴት አልወጣሁም?»

«ኩፍኝ ይዞህ ነበር። እናታችን ትኩሳቱ እንዲበርድልህ ከእርጥብ ሣር ላይ አስተኝታህ፣ እኔ ውሃ ሳጠጣህ ሰነበትሁ። የቄሱን ነገር ያኔ ነው ያወራችልህ።»

«እሷስ አይታው ነበር?»

«እሷ የሽንዲ ልጅ አይደለች? የአገሯን ወሬ ይሁን የኛን ደብር፣ እኔስ ልጅ አልነበርሁ? ለይቼ አላውቅም።»

ሸክሜን አወረድሁት። «ታዲያ ከዋንዛው ሥር ለምን ዝም አልሽ?»

እሷ የራሷን አላወረደችም። «አንተ ስለ እውነቱ ተጨነቅ። እኔ በሬ አለኝ።»

ቦራ ዳነ፤ በዚያ ክረምት ከፈንቴ በሬ ጋር ተጠምዶ አረሰ። እትየ ጥሩ ካረፈች ቆየች። የተናገርሁት ቃል ግን ቀረ፤ በየታኅሣሡ የደብሩ ቄስ ከመቃብሩ ላይ ይቆማሉ፣ የመጀመሪያዋን እፍኝ ያጭዳሉ፣ ሕዝቡ ይከተላል። አፋፉም ለምልሟል፤ ምንጩ በቀጭኑም ቢሆን ተመልሷል። አየሁት ያልሁት ነገር ሥርዓት ሆኖ ከፊቴ ሲሄድ አይቼ፣ በአንዳንዱ ዓመት ደስ ይለኛል፣ በአንዳንዱ ዓመት እንቅልፍ ይነሳኛል።

ትናንት ያነሣሁትን ሣር ሳገላብጠው በመካከሉ አንዲት የወይራ ለጋ አገኘሁ፤ ከሥሯ በላይ የተቆረጠች፣ ገና እንደ ስንደዶ የቀጠነች። በምርኩዜ እየተደገፍሁ ወደ ባጃጁ ሄጄ ሾፌሩን ሣሩ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት።

«ከወይራ አፋፍ ነው አባባ። ላውርድልዎ?»

«ወይራውም አብሮ ታጭዷል እኮ» አልሁት።

«ማጭድ ምን ዓይን አለው አባባ?» አለኝ ገመዱን እየቋጠረ። «ደግሞ ምንም አይደል፤ በዚያ አገር ማጨድ ከጥንት ከአባቶች የመጣ ሥርዓት ነው።»

እኛ ከወሰኑ ወዲያ የወደቀች አንዲት የዶቅማ ፍሬ ለማንሣት ተንቀጥቅጠን አድገናል። ፍርሃታችን ዛፉን ጠበቀው፤ ቦራን ግን ሊገድለው ነበር። ዛሬ ያ ፍርሃት ረግቧል፤ በሬው ይጠግባል፣ የወይራው ለጋ በባጃጅ ተጭኖ ገበያ ይወጣል። የትኛው ይሻል እንደነበር በርግጠኝነት ለመናገር እንደማልችል፣ ይህን ያህል ተምሬ፣ አውቄአለሁ።

የወይራዋን ለጋ ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያልመጣልኝ ነገር በመንገድ ላይ መጣልኝ። እትየ ጥሩ ከእርጥብ ሣር ላይ ተኝተህ ነበር ብላኛለች። ያ የመኖ ችግር ዘመን ነበር፤ ወሩም ታኅሣሥ። መስኩ ደርቆ፣ የወንዙ ዳር በከብት ተግጦ፣ እርጥብ ሣር ከወይራ አፋፍ በቀር የት ይገኝ ነበር? ግዝቱ ያኔ ካልተፈታ፣ እናቴ ያን ሣር ከየት አመጣችው? ተፈትቶ ከሆነ ቀኑን ባላየውም አልዋሸሁም። ካልተፈታ ደግሞ እናቴ የእኔን ትኩሳት ለማብረድ ከወሰኑ ድንጋይ አልፋለች ማለት ነው።

እትየ ጥሩ ብትኖር ይህን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃት ነበር። እሷም፣ እንደማውቃት፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ታዲያ አንተስ ዳንህ አይደል?» ትለኝ ነበር።