የዝግባው ጠረጴዛ አይወዛወዝም

የአንድ ሰው ሕይወት ተጠቃልሎ ሲታይ ምን ያህል ነው? ይህን ጥያቄ ማስተማር ከጀመርኩ አንሥቶ ክፍል ውስጥ ሳነሣው ኖሬያለሁ፤ ተማሪዎቼም ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ተኝተውበታል። መልሱን ያገኘሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ልጄ ሳሌም ስልኳን ይዛ ሳሎኔ መሃል ቆማ፣ «አባዬ፣ ትንሽ ዞር በል፤ ጥላህ ፎቶው ውስጥ ገባ» ስትለኝ ነው። ሶፋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው፣ የምግብ ጠረጴዛው ተራ በተራ ፎቶ ተነሡ። ስትጨርስ አሳየችኝ። ሕይወቴ በአውራ ጣት ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ ሲያደርጉት የሚያልቅ ሆኖ አገኘሁት።

ስሜ ዳኜ ነው። ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ተወልጄ፣ አባቴ በሠራው ቤት አርጅቻለሁ። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለኛል። ፕሮፌሰር ሆኜ አላውቅም፤ ሎጂክ የማስተምር ተራ መምህር ነበርኩ። ላርማቸው ብዙ ጊዜ አስቤ፣ ትሕትና ያበዛሁ እንዳይመስልብኝ ተውኩት።

ባለቤቴ የሺሀረግ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነበርኩ። ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ሲለኝ ሳሌም እሷ ኮንዶሚኒየም እንድገባ ወሰነች። «ተስማማን» ነው የምትለው። ቤቱ ለተከራይ ሊሰጥ፣ ዕቃው ከገና በፊት በቴሌግራም ሊሸጥ ሆነ። ሁሉም ዕቃ አላሳዘነኝም። ሶፋው እንዲያውም በወገቤ ላይ የቆየ ቂም ስለነበረው ቢሄድልኝ ደስታዬ ነበር። ጠረጴዛው ግን ሌላ ነው።

ስንጋባ አንድ የቀጨኔ አናጢ የዝግባ ሳንቃውን በትከሻው አምጥቶ እዚያው ሳሎን ውስጥ ሠራው። በራችን ጠባብ ስለሆነ ተሠርቶ ያለቀ ጠረጴዛ አያስገባም ነበር። የሺሀረግ በሕይወት ሳለች እንግዳ ያልተቀመጠበት ምሳ አላስታውስም። የእድር ዳኛ፣ የሥራ ጓደኞቿ፣ ፈተና ላይ የጣልኳቸው ተማሪዎቼ፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ሁሉ በልተውበታል። ቤቷ የገባ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም። ስለዚህ ለሳሌም አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኳት፤ ጠረጴዛው የሚሄደው ተሰብስቦ ለሚበላ ቤተሰብ ነው። ጥፍር ቀለም የሚቀባበት ወይም ስልክ የሚፈታበት ቤት ሲገባ ማየት አልፈልግም።

«አባዬ» አለችኝ፣ «በቴሌግራም ልንሸጠው ነው እንጂ ማደጎ ልንሰጠው አይደለም።»

ማስታወቂያውን እኔ ጻፍኩት። ጠረጴዛ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰው ከመሬት ተነሥቶ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ምን እንዳተረፈና ምን እንደጎደለበት አብራርቼ ዋናው ነጥብ ላይ ልደርስ ስል ገጹ አለቀ። ሳሌም አነበበችው፤ ማለቴ፣ በጣቷ እስከ መጨረሻው ገፋችው። ከዚያ ጠቅላላውን አጥፍታ፣ «የምግብ ጠረጴዛ። ዝግባ። ያገለገለ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» ብላ ጻፈች። አነበብኩት። ስለ እኔ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ቢገኝ ሌላ ምን እመኛለሁ? አንዲት ቃል ብቻ ትጨመርልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ጨመረችልኝ። «አይወዛወዝም።» በሙሉ ልቤ ነው ያልኩት። ስንቱ ክርኑን ተክሎ ተከራክሮበታል፣ ስንቱ በቡጢ ደብድቦታል፤ አንድ ቀን እንኳ ሻይ አላፈሰሰም።

ሳሌም ሥራ ስለምትውል ለደንበኞች መልስ መስጠት የእኔ ፈንታ ሆነ። የመጀመሪያው ደንበኛ፣ «አለ?» ብሎ ጻፈ። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። ይህችን ጥያቄ ነው እንግዲህ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሳስተምራት የኖርኩት! ቢሆንም ራሴን ገታሁና፣ «እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አዎን፣ አለ» ብዬ መለስኩ።

«ቦት ነው እንዴ?» አለና ጠፋ።

ማታ ሳሌምን ቦት ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ሰው ሳይሆን ሰው መስሎ የሚመልስ ነገር» አለችኝ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ትዝ አሉኝ።

ሁለተኛው የአንበሳ ምስል የለጠፈ ነበር። «የመጨረሻ ስንት?» አለ።

«የመጀመሪያውን ገና አልጠየቁኝም እኮ» አልኩት።

«ሽማግሌ ነህ እንዴ?»

«አዎን።»

«ውይ፣ ይቅርታ አባባ። የመጨረሻ ስንት ይላሉ?»

ሦስተኛዋ ቁመቱን ጠየቀች፤ ነገርኳት። ወርዱን ጠየቀች፤ ነገርኳት። ተመልሳ ቁመቱን ጠየቀች። በመጨረሻ፣ «መጠኑ እንዲገባኝ ሰው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይላኩልኝ» አለች። ኮቴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ ቆምኩ፤ ሳሌም እየሳቀች አነሣችኝ። መልሱ ወዲያው መጣ። «አባባ ያምራሉ። ጠረጴዛው ግን ትንሽ አርጅቷል።» ከሁለታችን እኮ በዕድሜ ልጁ ጠረጴዛው ነው።

በአካል የሚመጡት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የተበላሸው። የመጀመሪያዋ ሃና የምትባል አዲስ ሙሽራ ነበረች። ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብላ አየችው፣ ወደደችውም። የምሳ ሰዓት ነበርና፣ «ቁጭ በዪ፣ ቅመሺ» አልኳት። ብቻዬን ከሆንኩ ወዲህ ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። ይቃጠልብኛል፤ ግን እንደ ድሮው በድንገት ሳይሆን በልምድ ነው የሚቃጠለው።

«ኧረ አይቸገሩ ጋሼ። ደግሞ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ጾም አልያዝኩም» አለች።

«ሽሮ ሃይማኖት የለውም። ቁጭ በዪ።»

በላች። ስለ ሠርጓ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ቤት ኪራይ ስታጫውተኝ ዋለች። ልትከፍል ቦርሳዋን ስትከፍት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «አትቸኩዪ፤ ጠረጴዛ ትልቅ ነገር ነው። ባልሽን ይዘሽው ነገ ነይ» አልኳት። በነጋታው ባሏን ይዛ መጣች። በሉ። ባልየው ሊከፍል ሲል ደግሞ፣ ሁለታችሁም ሥራ ስለምትውሉ ምሳ አብራችሁ አትበሉም፤ ጠረጴዛው ባዶ ቤት ሊውልብኝ ነው ብዬ ከለከልኳቸው።

ከሃና በኋላ የመጡትም እየበሉ ሄዱ። አንዱን እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሊሰቅል የሚችል ሰው መሰለኝ። አንዷ ስትበላ ስልኳን አየች። አንዱ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ እሱን እንዴት እንደከለከልኩት አሁንም ግልጽ አልሆነልኝም። በዚህ መሃል ከማስታወቂያው ሥር አንድ የማላውቀው ሰው፣ «ይሄን ጠረጴዛ ልታዩ ስትሄዱ ምሳ እንዳትበሉ። ሻጩ ያስቸግራሉ፣ ሽሮው ግን አሪፍ ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛ ሊያይ የሚመጣው ሰው በሙሉ በስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ሳሌም አስተያየቱን አንብባ ከሥራ በቀጥታ መጣች። «አባዬ፣ ምግብ ቤት ነው እንዴ የከፈትከው?»

«ደንበኞቹ አስቸጋሪ ሆኑብኝ» አልኳት።

«ደንበኞቹ? ሃና ገንዘቧን ይዛ ሁለቴ መጣች እኮ! አስቸጋሪው ማነው?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠረጴዛው አራተኛ ፎቅ አይወጣም፣ ቢወጣም አይገባም። ለክቼዋለሁ፤ አንተም ለክተኸዋል። ለሚቀጥለው ሰው ሽጥ፣ በቃ» አለችኝ።

የሚቀጥለው ሰው ሐብታሙ ነበር። አዲሱ ገበያ ሰፈር የብረታ ብረት ሱቅ አለው። ገና ሲገባ ጠረጴዛውን በጣቱ አንኳኳ፣ በርከክ ብሎ ከሥር ሆዱን አየ፣ አሸተተው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምስጥ አለበት።»

«የለበትም።»

«ይኖረዋል። ዝግባ ነው ብለው ነው? ባሕር ዛፍ ይመስላል። እግሩም ወፈረ። ቀለሙም…»

«ልጆች አሉህ?» አልኩት።

«ሦስት።»

«ምሳ አብራችሁ ትበላላችሁ?»

«እሑድ እሑድ።»

«ሌላውን ቀንስ? እራትስ? ልጆቹ ሲበሉ ቴሌቪዥን ይከፈታል?»

ሐብታሙ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ጠረጴዛ ነው የምገዛው ወይስ ልጅዎን ለጋብቻ ልጠይቅ ነው የመጣሁት?»

ሳቅኩ። ስስቅ ተሸነፍኩ። ምሳ አቀረብኩ፤ ሐብታሙ ጉርሻ እያጎረሰኝ ተከራከረኝ። ሰው አጉርሶህ ዋጋ ቀንስ ሲልህ ምን ትላለህ? አፍህ ሞልቷል። ያጎረሰኝን ሰው አይሆንም ማለት እናቴ አላስተማረችኝም፤ እኔ ሳስተምር በኖርኩት ሎጂክ ውስጥም መልስ የለውም። ሚስቱ፣ ሦስት ልጆቹና አማቱ አዲስ በሠራው ቤት እንደሚሰበሰቡበት ማለልኝ። ሸጥኩለት።

ሊወስደው ሲመጣ በሩ አላሳልፍም አለ። አናጢው እንዳይወጣ አድርጎ እንደሠራው ሁላችንም ረስተነዋል። «እግሩን ቆርጠን እዚያ እናጣብቀዋለን» አለ ሐብታሙ።

«የእኔን ቁረጥ» አልኩት።

ስለዚህ በሩን ከነመቃኑ ነቀልነው። ጠረጴዛው በዚያ ወጥቶ ዳገቱን ሲወርድ፣ የአባቴ ቤት ጥርሱ እንደ ወለቀ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ቀረ። በማግስቱ ለአራት ሰው የሚሆን ሽሮ ሠርቼ፣ ድስቱን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ነው፤ የገባ ግን የለም።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ሐብታሙ ነው።

«ጋሼ! ይወዛወዛል!»

«አይወዛወዝም።»

«እንዴት አይወዛወዝም? ሾርባው አማቴ ላይ ፈሰሰ እኮ!»

«ወለልህን አስመርምር» አልኩት በኩራት። «እኔ ጋ ከተሠራ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

«ወለሌ በውሃ ልክ ተለክቶ የተነጠፈ ሴራሚክ ነው፣ ጋሼ! አንዱ እግሩ አጭር ነው። አጭር እግር ሸጡልኝ!»

ተናድጄ ዘጋሁበት። አስቸጋሪ ደንበኛ ማለት ይኼ ነው፤ ይበላል፣ ያስቀንሳል፣ ከዚያ ይከሳል። ትንሽ ቆይቼ ግን ባዶው ሳሎን መሃል፣ ጠረጴዛው የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ብርቱካን አስቀመጥኩ። ብርቱካኑ ጥቂት እንደ ማመንታት አለና፣ ቀስ ብሎ ተንከባለለ፣ ፈጠነ፣ በሌለው በር ወጥቶ ወደ ቀጨኔ ወረደ።

አባቴ ቤቱን የሠራው ዳገት ላይ ነው፤ ወለሉም ዘንበል ያለና ወጣ ገባ ነው። አናጢው እዚያው ቆሞ፣ አራቱን እግሮች በወለሉ ልክ እየላገ አስተካክሏቸዋል። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእኔ ዘንበል ያለ ሳሎን ውስጥ ብቻ ነው። እኔም በዚያ ወለል ላይ ተወልጄ፣ በዚያ ወለል ላይ አርጅቼ፣ ጠዋት ጠዋት ተነሥቼ የሰውን ልጅ ቀና አስተሳሰብ ላስተምር እሄድ ነበር።

ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከወሰድኩት ገንዘብ ልመልስልህ አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ የበላሁትን ምሳ የት ላድርገው?» አለና ሳቀ። ሦስቱን እግር በአጭሩ ልክ አስቆርጣለሁ አለ። መልስልኝ እንዳልለው የማስቀምጥበት የለኝም። «ቁረጠው» አልኩት።

አሁን ሳሌም ጋ ነኝ። ወለሉ ልክ ነው፤ ብርቱካን ሞክሬበታለሁ። ሳሌም እራቷን ኮምፒውተሯ ፊት ትበላለች፣ እኔ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ እበላለሁ፤ ትንሽ ይወዛወዝብኛል። ማስታወቂያውን ማጥፋት ረስተን አልፎ አልፎ ሰው «አለ?» ይለኛል። እኔም የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቄ፣ የለም እላለሁ።

የዚያን ቀን፣ ስለ እግሩ ከተስማማን በኋላ፣ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ሐብታሙን አንድ ነገር ለምኜው ነበር። «ሲስተካከል፣ አንድ እሑድ ምሳ ስትበሉበት ጥራኝ። ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ምንም ነገር አላስተምርም።»

«እንዴ ጋሼ! ይሄማ የግድ ነው» አለኝ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ይኸው ፋሲካም አለፈ።