የአበልጄ ሽቦ

ሽቦው ስምንት ሜትር ያህል ይሆናል። እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ብረት ነው፤ በአንድ ጫፉ የተቆለመመ ጥርስ፣ በሌላው ጫፉ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው። ጥርሱን በፍሳሹ ቀዳዳ ታስገባና እጀታውን እያዞርህ ትገፋለህ። ቧንቧውን ከዘጋው ነገር ዘንድ ሲደርስ እጅህ ላይ ይከብድሃል። ያን ጊዜ ሁለት ሦስት ዙር ታጠብቅና ወደ ራስህ ትስባለህ፤ የያዘውን ይዞ ይወጣል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በእኛ ሰፈር ይህ ዕቃ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አበልጄ ነው።

አበልጄ የልጄን ክርስትና ያነሣ ሰው ነው፤ ሙያው ደግሞ የቧንቧ ሥራ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ አንለያይም። ቤታችንንም የሠራነው አብረን፣ በአንድ አጥር ውስጥ ነው፤ የእሱ ከላይ፣ የእኔ ከታች። የሁለታችንን ፍሳሽ የሚያወርደውን ቧንቧ የቀበረው እሱ ራሱ ነው። ከእሱ ወጥ ቤት ይነሣል፣ በእኔ ግቢ ሥር ሲያልፍ የእኔን ይቀበላል፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ይገባል። ቧንቧው ሲቀበር አንድ ነገር ተስማምተን ነበር፤ አተላ በዚህ አይወርድም። ሚስቱ ጠላ እየጠመቀች ትሸጣለች። አተላውን ከከተማው ዳር ከብት የሚያደልብ ሰው በየሦስት ቀኑ እየመጣ በጀሪካን ይወስድላት ነበር። ከጠላ ሥር የሚዘቅጠው ያ የጌሾና የብቅል ዝቃጭ ለከብት ሲሳይ ነው፤ ለቧንቧ ግን ሲሚንቶ በለው።

እናቴ ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም አለፍ ብሎ ነው የሚኖሩት። አባቴ ካረፈ በኋላ መነኮሱ። ቆብ ከደፉ ወዲህ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ «እማሆይ» እና «አንቱ» ነው የምላቸው፤ መጀመሪያ ላይ አፌ እምቢ ብሎኝ ነበር። ጉልበታቸው ደክሞ ውኃ መቅዳት ሲያቅታቸው፣ ቀሪ ዘመናቸውን ከእኔ ጋር እንዲያሳልፉ ዓመት ሙሉ ለመንኋቸው። እሺ ያሉኝ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ከዚህ የበለጠ የፈለግሁት ነገር አልነበረም። የደብተርና የፎቶ ኮፒ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ በእጄ ይዤ አመጣኋቸው።

እናቴ ቁጭ ብለው የሚጦሩ ዐይነት ሰው አይደሉም። በመጡ በሦስተኛው ቀን የዕቃ አጠባውን ከሚስቴ ነጠቋት። ሳሙናውን አልወደዱትም፤ አረፋ እንጂ ንጽሕና የለውም አሉ። ከምድጃው አመድ እየዘገኑ፣ በጭድ እያሹ ድስቱን መስተዋት ያደርጉታል። ሚስቴ እኔን እያየች ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ቤቴ ሙሉ ሆኖ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ከመታጠቢያ ቤታችን ወለል ጥቁር ውኃ ገንፍሎ ወጣ። አበልጄን ጠራሁት። ሽቦውን በትከሻው ጥሎ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠን፣ አዞረ፣ ገፋ፣ ሳበ። የወጣውን ባልዲ ውስጥ ጥሎ በጨርቅ ሸፈነው። ልይ ብል፣ ያቅለሸልሻል አለኝ። ባልዲውንም ሽቦውንም ወደ ጓሮው ወስዶ አጠበ። ተመልሶ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አበልጄ፣ አትቀየመኝ፤ አመድ ነው» አለኝ። «አመድና ጭድ። እማሆይ እንግዲህ የኖሩበትን ልማድ የት ይጥሉታል?»

ምን እላለሁ? ሽቦውን የያዘው እሱ ነው። እኔ ስለ ቧንቧ የማውቀው ውኃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ነው። ደግሞ ነገሩ እንከን አልነበረውም፤ ውኃው የገነፈለው በእኔ ቤት ነው፣ አመዱም በእኔ ቤት ነው፣ እናቴ ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አላየንም። ለእናቴ በዘዴ ነገርኋቸው፤ አመዱን ቀነስ ቢያደርጉት አልሁ። እሺ አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ዕቃውን ውጪ በገንዳ እያጠቡ እጣቢውን ጽድ ሥር ሲደፉ አይቻቸዋለሁ።

በሰኔ እንደገና ተዘጋ። አበልጄ እንደገና መጣ፣ እንደገና ባልዲውን ሸፈነ፣ እንደገና አመድ ነው አለ። የቆየ አመድ ይሆናል ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሰው ማመን ሲፈልግ ለራሱ ጥሩ ጠበቃ ነው።

ሦስተኛው የባሰ ነበር። በሐምሌ የወሩ ማኅበር ተራው የእኔ ሆኖ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው እንጀራው ሊቀርብ ሲል ሽታው መጣ፤ ወዲያው ጥቁሩ ውኃ በበሩ ሥር ወደ ሳሎን ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። አበልጄ ከማኅበርተኛው መካከል ተነሣና ሽቦውን አመጣ። ሥራውን ጨርሶ እጁን እየጠረገ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ወደ እናቴ አየት አድርጎ፣ «እማሆይ ቤቱን ገዳም አደረጉት፤ አመዱ በዛ» አለ። እንግዳው ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ ቄሱም ፈገግ አሉ። እናቴ ከጥጉ መደብ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አልሳቁም፣ አልተቆጡም።

ሳቁ ግን እኔን አቃጠለኝ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። እንግዳው እንደተሸኘ ከእናቴ ፊት ቆሜ፣ «እማሆይ፣ ከእንግዲህ ዕቃ አይንኩ» አልኋቸው። «መታጠቢያ ቤትም በዕቃ አይግቡ። ሰው ፊት አዋረዱኝ።» ሚስቴ ክንዴን ያዘችኝ። እናቴ፣ «እሺ ልጄ» አሉ።

በሳምንቱ ፍልሰታን በደብራቸው ሱባኤ ይዘው ማሳለፍ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ምክንያቱ ሱባኤው ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ቢገባኝም አልከለከልኋቸውም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን በዚያች ሰዓት ቀለል ብሎኝ ነበር። ነገሩ በሰላም ያለቀልኝ መሰለኝ። መኪና ላይ አሳፈርኋቸው፤ አበልጄም አብሮኝ ሊሸኛቸው መጥቶ ትንሿን ሻንጣቸውን ተሸከመላቸው። ጉልበታቸውን ሳመ። እናቴም መረቁት።

ፍልሰታ ተፈታ፣ እናቴ አልመጡም። መንገዱም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ነበርና ምክንያት አላጣሁም። መስከረም ገባ። ከመስቀል ማግሥት ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያው ጥቁር ውኃ ገነፈለ።

ቆሜ አየሁት። እናቴ ከቤቴ ከወጡ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ምድጃው ከዚያ ወዲህ አልነደደም፤ በኤሌክትሪክ ነው የምናበስለው። ታዲያ ይህ አመድ ከየት መጣ?

አበልጄ ቡሬ ላይ የአንድ ሕንፃ ቧንቧ ይዞ ሰንብቷል፤ ሽቦውም ከእሱ ጋር ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ወዳለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄድሁና እንዲህ ያለ ዕቃ አላችሁ ወይ ብዬ በእጄ እያዞርሁ አሳየሁት። ባለ ሱቁ ዘወር ብሎ ከምስማሩ ላይ አወረደልኝ። ሦስት ተሰቅሏል። እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ በዓለም ላይ ያለው ሽቦ የአበልጄ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው ቀላል አይደለም። ሽቦው ቧንቧው ውስጥ ሲታጠፍ እጀታው ወደ ኋላ ይዞርና አንጓህን ይመታሃል። ሁለት ጊዜ ባዶውን ወጣ። በሦስተኛው ከበደኝ። አጠበቅሁት፣ ሳብሁት፤ ጓል የመሰለ ነገር እየተንቀጠቀጠ ወጣና ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። በእጄ ለየሁት። የጌሾ እንጨት። የጌሾ ቅጠል። የብቅል ገለባ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሊጥ የሆነ። ክፍሉ ጎምዛዛ የጠላ ሽታ ሸተተ። አራት ጊዜ ሽቦውን መለስሁ፤ አራቱንም ጊዜ ያው ነው። የአመድ ብናኝ የለበትም።

ከእኔ ቤት ጌሾ ገብቶ አያውቅም። እናቴ መነኩሲት ናቸው፣ ሚስቴም ጠመቃ አትወድም፤ ለማኅበሩም ቢሆን ጠላውን የምናመጣው ከአበልጄ ቤት ነው።

ወደ ላይኛው ቤት ወጥቼ ሚስቱን አገኘኋት። እሷ የምትደብቀው አልነበራትም፤ ይህ ነው የገረመኝ። ከብት አድላቢው ከፋሲካ ጀምሮ ደምበጫ ስለ ገባ አተላውን የሚወስድ እንዳጣች፣ ከግቢው ጥግ እንዳታጠራቅመው ሽታው አላስቀምጥ እንዳላት አጫወተችኝ። በሙቅ ውኃ እያቀጠነች በቧንቧው እንድትለቀው የነገራት ባሏ ነው። እኛን እንዳያስቸግር ብትለው፣ «ሽቦው እኔ እጅ ነው» አላት። ከእኔ ጋር ተነጋግሮ የጨረሰው መስሏት ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። እኔን የጣለኝ ግን እንዲያ ያለ አወዳደቅ አልነበረም። ፈረስ ሲጥል አንድ ጊዜ ነው። እሱ በግንቦት አይቶታል፣ በሰኔ አይቶታል፣ በሐምሌ አይቶታል። ባልዲውን የሸፈነው እንዳያቅለሸልሸኝ ብሎ አልነበረም። ሦስቱንም ጊዜ የሚስቱን ጌሾ በእጁ ይዞ ስለ እናቴ አመድ አውርቶልኛል።

አበልጄ ቅዳሜ ከቡሬ መጣ። የሳብሁትን ጌሾ በቆርቆሮ አድርጌ አቆይቼለት ነበርና በረንዳው ላይ ከፊቱ አስቀመጥሁት። ይክዳል ብዬ ነበር፤ አልካደም።

«እናትህ ናቸው» አለኝ። «በእናት ላይ ማን ይቀየማል? የእኔ ቤት ጥፋት ነው ብልህ፣ ቃሌን ስላፈረስሁ እንቀያየማለን ብዬ ፈራሁ። በእማሆይ ከሆነ ግን በሳምንቱ ትረሳዋለህ አልሁ።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ተንኮል ብፈልግ አጣሁ። የምሩን ነው። እኔን ላለማጣት ብሎ ነው እናቴን አሳልፎ የሰጠብኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እኔን ሳይንቅ እንዲህ ሊያስብ አይችልም አልሁ በሆዴ። አፌ የተናገረው ሌላ ነው። ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጥ አልሁት፤ የልጄን የክርስትና አባትነትም እንዲረሳ ነገርሁት። ቆርቆሮውን ትቶ ወጣ።

መንገዱ የተከፈተ ሳምንት መኪናው እስከሚያደርሰኝ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጀሁ። እናቴ እውነቱን ሲሰሙ ያለቅሳሉ፣ አብረን አበልጄን እንረግማለን፣ ከዚያ ሻንጣቸውን ይዤ እወርዳለሁ። እውነቱን እንደ ስጦታ ነበር የተሸከምሁላቸው።

ከደብሩ ቅጥር ጥግ ካለችው ጎጆአቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው፤ ጌሾውን፣ አድላቢውን፣ ቅዳሜ የተባባልነውን። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «አውቃለሁ» አሉ።

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። እናቴ ግን ረጋ ብለው ነገሩኝ። ገና በግንቦት፣ አበልጄ ሽቦውን ከጓሮ ሲያጥብ በጓዳው መስኮት ያዩት ነበር። ጌሾውን ጎመኑ ሥር ሲቀብረው አይተዋል። ሁለተኛውንም አይተዋል። በማኅበሩ ዕለት ሰው ሲስቅባቸው ከባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር።

ለምን አልነገሩኝም አልኋቸው። ድምፄ እንደ ክስ ወጣ።

«የልጅህን ክርስትና ያነሣ ሰው ነው» አሉ። «መነኩሲት ሆኜ አበልጅ ከአበልጅ ላጣላ? ሆድ ይፍጀው አልሁ።»

«ለእኔ እንኳ?»

እናቴ መቁጠሪያውን አቆሙት።

«አንተ ብትጠይቀኝ አልዋሽህም ነበር፣ ልጄ። ይጠይቀኛል ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁህ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም።»

አብረን እንውረድ ብዬ ለመንኋቸው፤ እዚሁ ይሻለኛል አሉ። አበልጄን ይቅር እንድለው አዘዙኝ፤ ይህን እንደማልችል ነገርኋቸው። ስለ እኔ ግን ምንም አላሉም፤ ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ።

ቁልቁለቱን ስወርድ አበልጄን ልረግመው ሞከርሁ፤ የሚገባው ነው፤ ዛሬም አንነጋገርም። እርግማኑ ግን አልመጣልኝም። እሱ ሽቦውን ይዞ ሦስት ጊዜ ዋሽቶኛል። ሦስቱንም ጊዜ እናቴ አምስት እርምጃ ርቀው እዚያው ቤቴ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ዘወር ብዬ፣ እውነት ነው ወይ፣ እማሆይ? አላልኋቸውም።